አበበ ከበደ ሞላሌ ሄዶ አያውቅም

ኢትዮጵያ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠራ ሁሉ አበበ ከበደን ያውቀዋል። ስልኩ በ0911 ይጀምርና በ223344 ያልቃል። ኢሜይሉ ቴስት አት ቴስት ዶት ኮም ነው። ቦሌ ይኖራል፤ የቤት ቁጥሩ 123። የተወለደው ጃንዋሪ 1 ቀን ነው። አበበ ስሙን ሲጠየቅ አያንገራግርም፤ የይለፍ ቃል አይረሳም፤ ቅጽ እየሞላ መብራት ጠፍቶበት አያውቅም። የምንሠራውን ፕሮግራም ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚሞክርልን እሱ ነው፤ ሞክሮም ወድቆ አያውቅም። እሱ ካለፈ እኛ እናጨበጭባለን፤ አለቃ ኬክ ይቆርሳል፤ ሲስተሙ «በይፋ ሥራ ጀመረ» ተብሎ በዜና ይነገራል። ከዚያ በኋላ አንዲት እናት ከሞላሌ ይመጣሉ።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ደግሞ ኮድ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን የማማት መብት አለኝ። የሙያ አጋሮቼን ስታዘብ ስለ ጥራት ሲያወሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሩት ለዓይን ስለሚታየው ነገር ነው። የኮድ መስመር ሲገባ በታብ ይግባ ወይስ በአራት ስፔስ በሚል ግማሽ ቀን የተሟገተ ቡድን አውቃለሁ። መንዝ ውስጥ ሰውን እንዲህ የሚያሟግተው የርስት ድንበር ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዳኛው ቀጠሮ ይሰጡበታል።

የመሣሪያውን ነገርማ ተዉት። ነጭ ስክሪን ላይ የሚጽፍ ሰው ጀማሪ ስለሚመስል ሁላችንም ስክሪናችንን አጥቁረናል። (ሞላሌ ማታ መብራት ሲሄድ ከተማው በሙሉ ዳርክ ሞድ ነው፤ የሚኮራበት ሰው ግን አላየሁም።) ፊደል በተነካ ቁጥር ቢሮውን የሚያንጫጫ ኪቦርድ ከውጭ የሚያስልክ አለ። ላፕቶፑን ሲገዛ የነበረው ቀለም እስኪጠፋ ስቲከር የሚለጥፍ አለ። ቪም በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ብቻ ካልሠራሁ የሚል አለ። ቪምን ብራም ሙለናር የሚባል ሆላንዳዊ በ1991 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፤ ገና ሲከፈት በኡጋንዳ የሚገኙ ችግረኛ ልጆችን እርዱ የሚል መልእክት ያሳያል። ደግ ሰው ነበር። ብዙው ጀማሪ ግን ልጆቹን ሊረዳ ቀርቶ ራሱም ከፕሮግራሙ መውጫ አጥቶ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲነሣ አይቻለሁ።

ኮድ ሪቪው የሚባልም ሥርዓት አለን። አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ አስተያየት ይሰጣል። «የዚህ ቫሪያብል ስም ረዘመ»፣ «እዚህ ጋ ባዶ መስመር ጨምር»፣ «ይሄ ፈንክሽን ለሁለት ቢከፈል ያምራል»። አስተያየቱ ይጎርፋል። «ላስት ኔም የግድ ይሞላ» የሚለው መስመር ግን ማንም ሳይነካው፣ ከነሙሉ ክብሩ ያልፋል።

የዚያ መስመር ዕዳ የሚከፈለው ሞላሌ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞ በኩል የሚሄድ ሰው የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሞላሌ ይደርሳል። ብርዱ የታወቀ ነው፤ ባና የደረበ ሰው እንደ ባለጸጋ ይታያል። እዚያ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ወጣት። ለበዓል በሄድኩበት ሰሞን ፎቶ ኮፒ ላስነሣ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ከእንግዲህ ማመልከቻ በወረቀት አልቀበልም ብሎ ወደ ኢንተርኔት ልኳቸዋል።

«ስምዎ እስከ አያት እማማ?»

የራሳቸውንና የአባታቸውን ተናገሩና ቆም አሉ። «አያት በማን በኩል?»

ልጁ ከኪቦርዱ ቀና አለ። «በአባትዎ ነዋ።»

«እሱማ ቀላል ነው» ብለው ጀመሩ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ የቅድመ አያት አባት፤ ጣታቸውን እያጠፉ ሽቅብ ወጡ። መንዝ ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም ሲቆጠር የኖረ ነው፤ የአያቶቹን ሐረግ የማይቆጥር ሰው በሸንጎ አፉን አይከፍትም ነበር። ወረዳዎቹ ራሳቸው ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ተብለው የሚጠሩት በአቅኚ አባቶች ስም ነው። እማማም ማማ ድረስ ሊወጡ መንገድ ላይ ነበሩ።

«አንድ ይበቃል እማማ፤ ቦታ የለውም።»

«አንድ አያት ቆጥሮ ርስት ያገኘ ማን ነው?» አሉት፤ ተቀይመዋል።

ቅጹ ቀጠለ። የትውልድ ቀን። «በአስተርእዮ ሰሞን ነው፣ እናቴ እንዳለችኝ።» ልጁ ሳያቅማማ ጃንዋሪ 1 ላይ ተጫነ። ወደ እኔ ዞሮ «ኮምፒውተሩ ይቺን ቀን ይወዳታል ጋሼ» አለኝ። የፖስታ ኮድ ሲጠየቅ 1000 ብሎ መታ። የአዲስ አበባ ነው፤ ግን ቅጹ አልተቃወመም። ቅጹ የሚቃወመው ባዶ ቦታን እንጂ ሐሰትን አይደለም።

ኢሜይል ላይ ሲደርስ የልጁን ሙያ አየሁ። ለባለጉዳዮቹ ሁሉ የሚያስገባው የራሱን ጂሜይል ነው። ሲስተሙ ደግሞ በአንድ ኢሜይል ሁለት ሰው አይመዘግብም። ታዲያ ጂሜይል በአድራሻ ውስጥ ያለ ነጥብን ከቁም ነገር እንደማይቆጥር ልጁ ደርሶበታል። አንዴ ከስሙ ሁለተኛ ፊደል በኋላ ነጥብ ያስገባል፤ አንዴ ከሦስተኛው በኋላ፤ አንዴ ሁለቱም ጋ። ለሲስተሙ ሁሉም የተለያየ ሰው ነው፤ መልሱ ግን የሚመጣው አንድ ሳጥን ውስጥ፣ እሱው ጋ ነው። የትኛው ነጥብ የማን እንደሆነ በደብተር ላይ በእስክሪፕቶ ይጽፋል፤ ከጎኑ የይለፍ ቃሉን፣ ከሱ ጎን «የቄስ እገሌ ጎረቤት» የሚል ማስታወሻ። መብራት ቢጠፋ የሚሠራው ይሄ ደብተር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያህል ብልሃት ያሳየ ሰው በከፍተኛ ደመወዝ ተቀጥሮ ታብና ስፔስ ሲለይ ይውል ነበር።

የደህንነት ባለሙያ የሆነ ወዳጄ ይህን ስነግረው ራሱን ያዘ። የግማሽ ከተማ የይለፍ ቃል በአንድ ደብተር! እውነቱን ነው። ግን ደብተሩን ማን አስፈለገ? የማመልከቻ ቅጽ ላይ ኢሜይልን ግዴታ ያደረገው ልጁ አይደለም።

ስምን በአማርኛ መጻፍ እንኳ አልተፈቀደም፤ «የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ» ይላል። ስለዚህ የእማማ ስም መታወቂያቸው ላይ ባለው ሳይሆን ልጁ በዚያ ቀን ባሰኘው አጻጻፍ ገባ። አንድ ቀን አንዱ ቢሮ ሁለቱን አስተያይቶ «አይመሳከርም» ይላቸዋል፤ የቀበሌ ደብዳቤም ያስፈልጋቸዋል።

አማርኛ የሚቀበለው ሲስተምም ቢሆን የራሱ አመል አለው። ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው ስሙን በሁለት ቃል ከጻፈ፣ ክፍተት ባየበት ሁሉ ስም የሚቆርጠው ፕሮግራም ሰውየውን «ገብረ» ብሎ አባቱን «ሥላሴ» ያደርግለታል። ወልደ ማርያም የሚባል ደግሞ የማርያም ልጅ ሆኖ ይመዘገባል። በሃይማኖት ባያስከፋም በውርስ ችሎት አይረዳም። ኃይሉን በ«ሀ» የፈለገው ጸሐፊ «አልተገኘም» ይባላል፤ በ«ሃ»ም ቢሞክር ያው። ቀድሞ መዝገብ ቤት የነበሩት ሰውዬ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው «የትኛው ኃይሉ? የበግ ነጋዴው?» ይሉ ነበር፤ ፋይሉም ይወጣል።

ይሄኛው ጣጣ የቆየ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በ3.0ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት ፊደል የሠራ ሁሉ የየራሱን ቁጥር ነበር የሚሰጠው፤ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት ያልተጫነበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ይሆናል። ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ዛሬም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከወረዳ ይመጣል። የላኪው ቢሮ ጥፋት ነው እንላለን። እኛም ብንሆን ዩኒኮድን ስንሰብክ ኖረን፣ ቅጻችን ላይ አማርኛ የሚጽፈውን ሰው በቀይ ጽሑፍ እንመልሰዋለን።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ይዘው ለልጁ ሲያሳዩ ደረስኩ፤ «ቀጠሮዎ 08:00 ነው» የሚል አጭር መልእክት ነው። እሳቸው ምሳቸውን በልተው፣ በሰዓቱ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ቢሮው ደርሰዋል። ወረፋቸው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተጠርቶ አልፏል። «ስምንት አይልም እንዴ?» ይላሉ። ይላል። በየትኛው የሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ግን አይልም። ሲስተሙን የጻፈው ልጅ ራሱ ከጓደኛው ጋር ሲቀጣጠር «ማታ አንድ ሰዓት» ነው የሚለው፤ ቢሮ ገብቶ ኪቦርዱን ሲነካ ግን የሚኖርባት አገር ትጠፋዋለች።

ወሩም እንዲሁ። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የያዘ ምርጫ ስንት ቅጽ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎቱን የኢትዮጵያን ቀን መለወጫ ጻፍልኝ ብዬው ነበር፤ ንጹሕ፣ ማብራሪያው የተሟላ፣ ለዓይን የሚጥም ኮድ ሰጠኝ። ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጓታል። ስነግረው ይቅርታ ጠየቀና ሁልጊዜ 6 አደረጋት። ትሕትናውን ወድጄለታለሁ።

እዚያው ሞላሌ አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ይህን ሳጫውታቸው ሳቁና «ዓመቱን ጥራ» አሉኝ። 2016 አልኩ። በቃላቸው ጀመሩ። 5500 ሲጨመርበት 7516። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንዱን ጣልና ወንበር 10። ወንበር በ11 ሲባዛ 110፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 20። ወንበር በ19 ሲባዛ 190፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10። «አሁን ደምራቸው» አሉኝ። ሠላሳ። «ሠላሳ ካልመጣ ሂሳብህ ተበላሽቷልና ከራሱ ጀምር።»

መሪጌታው ያሰሉበት ባሕረ ሐሳብ በልማድ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ የሚሰጥ ቀመር ነው። የእኛ ሙያ ዩኒት ቴስት ብሎ በስብሰባ የሚለምነው፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰርዘው ነገር እዚህ ውስጥ ተሰፍቶ ተቀምጧል። ወንበር ዜሮ የሚሆንበት ዓመት ሲመጣ ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ «አልቦ አበቅቴ» ይባላል፣ መጥቅዕም 30 ይሆናል፤ ድምሩ አሁንም ሠላሳ ነው። መጥቅዕ 14 እንደማይወጣ ሳይቀር ያውቁታል፤ እኔ አላምን ብዬ አሥራ ዘጠኙንም ወንበር በኮምፒውተር አስኬድኳቸው፤ አይወጣም። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነውም ዓመተ ዓለሙ ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፍበት፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ መሪጌታው ስለ ኪቦርዳቸው ምንም አላነሡም።

እኛ ግን ለዚችው ሥራ ከኢንተርኔት ማን እንደጻፈው የማናውቀውን ኮድ እናወርዳለን። በ2016 እ.ኤ.አ. ሌፍት ፓድ የሚባል 11 መስመር ያለው ኮድ ባለቤቱ በስም ጉዳይ ተጣልቶ ሲያነሣው በዓለም ዙሪያ የስንቱ ድርጅት ፕሮግራም አልገጣጠም ብሎ ቆመ። ሥራው ምን ነበር? በቃል ፊት ባዶ ቦታ መጨመር። ይህን ለመጻፍ የሰነፈው የዓለም መሐንዲስ ብዛት ያስደንቃል። እኛም አለንበት።

«ሲስተም የለም» የምትለዋ መልስ ከዚህ ሁሉ የተወለደች ናት። ድሮ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ይባል ነበር፤ ኃላፊው ቢያንስ ሲወጡ ይታያሉ። ሲስተም ግን ሲሄድ ያየው፣ ሲመለስ የተቀበለው ሰው የለም። የባንክ ገንዘብ ቆጣሪዋ ትከሻዋን ትሰብቃለች፤ ደንበኛው «እሺ» ብሎ ይቀመጣል። ዝናብ እንኳ እንዲህ በትዕግሥት አልተጠበቀም።

አንዳንዴ ደግሞ ሲስተም ከልክ በላይ ይኖራል። ለቅዳሜ መጋቢት 7 ቀን 2016 አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሒሳባቸው ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ለሚጠይቁት ሁሉ መስጠት ጀመረ። ዜናው በስልክ ከዶርም ዶርም በረረ፤ ተማሪዎች በሌሊት በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ የወጣና የተላለፈ ሲሆን፣ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ወቅት የተፈጠረ ችግር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች መልሱ የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ያልመለሱት ስማቸው ይፋ ወጣ። ገንዘቡ አብዛኛው ተመልሷል። ስለ ወጣቶቹ ምግባር ብዙ ተሰበከ፤ ስብከቱም ተገቢ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሥራዬ ብሎ ስሕተት የሚፈልግ ሞካሪ መቅጠር ውድ ነው እየተባለ በየመሥሪያ ቤቱ ሲቀነስ ኖሮ፣ በአንድ ሌሊት ስንት ሺህ ሞካሪ በነጻ ተገኘ! ያውም እያንዳንዱ ስሕተቱን በደንብ ደጋግሞ ያረጋገጠ፣ ለጓደኛውም ሪፖርት ያደረገ።

አሁን ደግሞ ኮድ ጸሐፊው ሊበዛ ነው። በሐምሌ 2016 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ተጀምሯል፤ በሦስት ዓመት ያን ያህል ወጣት ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድና የሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲማር። የሞላሌው ልጅም ሰርተፍኬቱን በላስቲክ አሽጎ ከፕሪንተሩ በላይ ሰቅሎታል። ኔትወርክ ሲመጣ ሌሊት እየተነሣ ነው የተማረው። ይበል የሚያሰኝ ነው። ብቻ አምስት ሚሊዮን ሰው ሲጽፍ የሚያነበው ማን ነው? አሁን እንኳ የሰው ኮድ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ከተገኘ በመሥሪያ ቤቱ እንደ ሥራ ፈት ይታያል። አንብቦ የማያስፈልገውን መስመር ቢሰርዝ ደግሞ በወሩ ሪፖርት ላይ «ምን ሠራህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ልጁ ፎቶ ኮፒዬን አንሥቶ ሲሰጠኝ ሙያዬን ያወቀ ይመስለኛል። «ጋሼ፣ እነዚህን ቅጾች የሚሠሩት ሰዎች ወረዳ ላይ ሰው እንዳለ ያውቃሉ?» አለኝ። ቦሌ የቤት ቁጥር 123 ያለውን ሰውዬ ላስተዋውቀው አስቤ ተውኩት። ኮምፒውተሩ ላይ «ማመልከቻ»፣ «ማመልከቻ አዲስ»፣ «ማመልከቻ የመጨረሻ»፣ «ማመልከቻ የመጨረሻ ትክክለኛው» የሚሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። ሊነስ ቶርቫልድስ ይህን ጣጣ የሚገላግለውን ጊት በ2005 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አውጥቶታል፤ እኛም ቢሮ በየቀኑ እንጠቀምበታለን። ጊት ውስጥ ያለው የቅርንጫፍ ስም ሁሉ ግን «የመጨረሻ ማስተካከያ 2» ነው።

አንድ ቡድን ውስጥ ሳለሁ ከአንድ ወረዳ የመጣ ቅሬታ ትዝ ይለኛል። «ሲስተሙ የዛሬን ቀን አልቀበልም አለ» ይላል፤ የተላከው በጳጉሜን ነው። የበዓል ሰሞን ስለነበር የሚያየው አልተገኘም። ዕንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ተረኛው ባለሙያ ቅሬታውን ከፈተ፤ የዕለቱን ቀን፣ መስከረም 4ን፣ አስገብቶ ሞከረ፤ ሲስተሙ ያለምንም ችግር ተቀበለ። «ችግሩ ሊደገም አልቻለም» ብሎ ጻፈና ዘጋው። በዓመቱ፣ በጳጉሜን፣ ያው ወረዳ ያንኑ ቅሬታ በትሕትና ላከ። በመስከረም ተከፈተ፤ ተሞከረ፤ ተዘጋ። ባለሙያው ቅሬታ ቶሎ በመዝጋት በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ተሸልሟል። በ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ወረዳው ቅሬታውን ለመጻፍ አንድ ተጨማሪ ቀን ያገኛል።